በጉበይራው ትምህርት ቤት በር ላይ ስም ሲጠራ

አምስተኛ ክፍል እያለሁ፣ የሪያድ ሙቀት ጠንከር ማለት በጀመረበት ወር፣ አባቴ ከሾፌርነት ሥራው ተሰናበተ። ኢቃማችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ የያዘው ከፊሉ፣ ማለትም አሠሪውና ዋሳችን፣ የሰጠው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በተደጋጋሚ ይዘገያል። አባቴ አልተከራከረም። ሌላ ከፊል ስላልተገኘ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ተመታልን፤ የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ በጉበይራ ሰፈር ካለው ትምህርት ቤት ወጥቼ ከእሱ ጋር ኮምቦልቻ ገባሁ። ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት እንዳለ ተቀብዬው ኖሬያለሁ፤ ምስክር አላስፈለገኝም። አባቴ እንደሚዘገይ ከከፊሉ በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በየቀኑ በመጨረሻ የምጠራው ልጅ እኔ ነበርኩና።

ቤቱ ለትምህርት ቤትነት የተሠራ አልነበረም። በጋራዦችና በትናንሽ ሱቆች መካከል የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ነበር፤ መንግሥት ከባለቤቶቹ ተከራይቶ የልጃገረዶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አድርጎታል። በኪራይ ቤት የተከፈቱ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ያኔ በከተማዋ ብዙ ነበሩ። አንደኛ ክፍሎች የሚማሩት ብርጭቆው እየረገፈ ያለቀ ትልቅ መብራት ከጣሪያው በተንጠለጠለበት ሳሎን ነው። እኛ አምስተኛ ክፍሎች ማድ ቤቱ ደርሶን ነበር፤ ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ ሴራሚክ የለበሰ ስለነበር የመምህርታችን ድምፅ ነጥሮ ይመለስና አንዱን ቃል ሁለቴ እንሰማዋለን። ፎቅ ላይ ያለው የገላ መታጠቢያ ገንዳ የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ሆኖ ነበር። በሦስተኛ ክፍል በር ጠርዝ ላይ የቀድሞ ባለቤቶቹ ልጆች ቁመታቸውን የለኩባቸው የእርሳስ መስመሮች አልጠፉም፤ በእረፍት ሰዓት እየተጋፋን ከማናውቃቸው ልጆች ጋር ቁመት እንለካካ ነበር።

ጠዋት ጠዋት በዚያው ቪላ የሚማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። የራሱ ሕንፃ እድሳት ላይ ስለነበር ቤቱን በፈረቃ ተካፈልነው። የእኛ ትምህርት ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት፣ በኋላ ይጀምርና ከዐስር፣ ከተሲያቱ ሰላት፣ ቆየት ብሎ ያልቃል።

እዚያ ያላደገ ሰው የማያውቀው የመውጫውን ሥርዓት ነው። የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ደወል ሲደወል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ልጆች አይለቀቁም። ወንድ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ልጅም የሚወስዳት ሰው ሳይመጣላት አትወጣም። ውጭ በሩ ላይ ዘበኛው፣ አም ሳልህ እያልን የምንጠራቸው የመናዊ ሽማግሌ፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው የድምፅ ማጉያ ይይዛሉ። አባት ወይም ሾፌር ይመጣና የቤተሰቡን ስም ይነግራቸዋል፤ እሳቸው በማጉያው ይጠሩታል፤ ከብረት በሩ በስተጀርባ ቦርሳችንን ታቅፈን ከተደረደርነው መካከል የተጠራችው ብድግ ትላለች። የእኔ ጥሪ «ያሲን! ቢንት ያሲን!» ነበር፤ የያሲን ልጅ ማለታቸው ነው። ያ ጥሪ የሚሰማው ግቢው ጭር ብሎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰማው የመግሪብ አዛን ካበቃ በኋላ ነው።

በውስጠኛው በር ላይ አብረውን የሚጠብቁት የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ከወሎ፣ ከወረባቦ በኩል የመጡ፣ ሲስቁ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ የሚሸፍኑ ሴት ናቸው። በብርድ ወራት በበሩ ጥግ፣ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ከሰል ያቀጣጥሉና የናና ሻያቸውን ይጥዱበታል። ጭሱ መጀመሪያ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል፤ ፍሙ ቀይ እየሆነ ሲመጣ ግን የሁላችንም ጉልበት ወደ ቆርቆሮው እየተጠጋ ይሄዳል፣ ከበሩ በላይ ያለችው ቢጫ አምፖልም ገና ሳይጨልም ትበራና ጥላችንን በእርሳቸው እግር ሥር ትደረድረዋለች። ያኔ ነው ተረቱ የሚጀመረው። እትዬ ዘይነባ ሌላ ሰው እንደሚጀምረው አይጀምሩም። ሻያቸውን ፉት ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዛሬ በዚህ በር በኩል ማን እንዳለፈ አይታችኋል?» ይላሉ። አላየንም እንላለን። ያለፈው ጦጣ ወይም ቀበሮ ሆኖ ይገኛል።

አማርኛ የምንሰማው ጥቂት ልጆች ነበርን። ሌሎቹ ሱዳኖች፣ የመኖችና የሰፈሩ የሳውዲ ልጆች በሌላ ጥግ ገመድ ይዘላሉ። ከእኛ መካከል አፏ የማያርፈው ሀያት ናት። ወንድሟ በጊዜ ስለሚመጣላት ተረቱን ሁልጊዜ ከመካከል ትታው ትሄዳለች፤ ስትወጣ ታዲያ ሳትተርበኝ አትሄድም።

«ያላ ሰሚራ፣ መብራቱን አጥፍተሽ በሩን ዘግተሽ ውጪ!»

ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። «የመጨረሻዋ» የሚለውን ስም ያወጣችልኝም እሷ ናት፤ በኋላ እትዬ ዘይነባ ራሳቸው በዚያ ስም ይጠሩኝ ጀመር።

እናቴ በዚያ ጊዜ ከእኛ ጋር አልነበረችም። ታማሚ እናቷን ለማስታመም ወደ ኮምቦልቻ ሄዳ፣ የመመለሻ ቪዛዋ ጊዜው አልፎበት እዚያው ቀርታለች። ዓርብ ዓርብ ስልክ እንደውልላታለን። እኔ የምትለው ይገባኛል፤ አፌ ላይ የሚመጣው መልስ ግን አረብኛ ነው። ትምህርት ቤት አረብኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር አረብኛ፤ አባቴም ዝምተኛ ሰው ስለሆነ ቤት ውስጥ ከ«ብዪ» እና ከ«ተኚ» የሚያልፍ አማርኛ ብዙም አልነበረም። ስለዚህ እናትና ልጅ ስናወራ እሱ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ በመካከላችን ያስተረጉም ነበር። አንድ ዓርብ እናቴ «ዛሬ ምን በላሽ?» አለችኝ። የበላሁትን በአረብኛ ነገርኳት።  ከዚያ ለአባቴ የተናገረችውን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ሰማሁት።

«ያሲን፣ ልጄን ለማን ነው የምታሳድጋት?»

አባቴ ስልኩን ተቀብሎኝ፣ «ኢንሻአላህ ይስተካከላል» አላት። እንዴት እንደሚስተካከል አልነገራትም።

ከጊዜ በኋላ በርግጥ ተስተካከለ። አንድ ዓርብ ስለ ጦጣዋ የሰማሁትን ተረት ከነድምፁ፣ እትዬ ዘይነባ እንደሚያሳጥሩትና እንደሚያስረዝሙት አድርጌ በአማርኛ ለእናቴ ነገርኳት። ሳቋ በስልኩ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። «ይህን የወሎ አነጋገር ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር፤ ለማስተርጎም የተጠራ ስላልነበረ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስል ነበር።

እኔ ግን ያኔ የማስበው ስለ አማርኛ አልነበረም። የማስበው ስለ ስሜ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ከሀያት በፊት፣ ልጆቹ ሁሉ እያዩ እንድጠራ እፈልግ ነበር። ከሰሉ ከስሎ፣ ገመድ ዘላዮቹ አልቀው፣ እትዬ ዘይነባና እኔ ብቻ ስንቀር ዓይኔ ከተረቱ ወደ ብረት በሩ ይሸሻል። መኪና ውስጥ እንደገባሁ ጥያቄዬ አንድ ነው።

«የሀያት ወንድም ለምን ቀድሞህ ይመጣል? እሱ የሚሠራው ከአንተ ይርቃል።»

«መንገድ ዘግቶብኝ ነው የኔ እናት» ይለኛል።

የከፊሉ ቤት ነሲም በሚባል ሌላ ሰፈር ነበር። ከነሲም ጉበይራ ድረስ መንገዱ እንደሚጨናነቅ እውነት ነው። ግን በየቀኑ? ይህን ስጠይቀው መሪውን በሁለት እጁ ይይዝና ፊት ለፊቱን ያያል።

ብርዱ አልፎ ከሰሉ ወደ ዕቃ ቤት ሲገባ ቀኑም እየረዘመ መጣ፤ መግሪብ ወደ ኋላ ሸሸ፤ በር ላይ የምንቀመጥበት ጊዜም አብሮ ረዘመ። የእትዬ ዘይነባ ተረቶች እስከዚያ ድረስ አዛኑ ሲሰማ የሚያልቁ ነበሩ። በዚያ ሰሞን የጀመሩት የኤሊዋ ተረት ግን በአዛንም አላለቀ። አንበሳ ልጁን ይድራል፤ ኤሊ ለሠርጉ ተጠርታለች፤ ስጦታዋን፣ አንድ ጉርሻ የሚያህል ቅቤ፣ በቅጠል ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ ተነሥታለች። በማግስቱም መንገድ ላይ ናት። ሳምንት አልፎም መንገድ ላይ ናት።

«ፀሐዩ በረታ» ይላሉ እትዬ ዘይነባ። «ቅቤው ቀለጠና ጀርባዋን ፈጃት። ታዲያ ወዴት ትሂድ?»

«ሹመይሲ!» ትላለች ሀያት።

«እሰይ የኔ ልጅ፣ ሹመይሲ ሆስፒታል ሄደች። ተራ ያዢ አሏት።»

«ኢቃማ ሳይኖራት ማን ያስገባታል?»

«አላት እንጂ። የኤሊ ኢቃማ ጀርባዋ ላይ አይደል የተጻፈው? ግን ጊዜው አልፎበታል።»

«ወይኔ! ከፊሏ ማነው?»

«አንበሳው ነዋ! እሱ ደግሞ ሠርግ ላይ ነው፣ ስልክ አያነሳም።»

ሀያት እየሳቀች ወደ ኋላዋ ትወድቃለች። ያኔ ኤሊዋ ያልገባችበት የሪያድ ቢሮ፣ ያልቆመችበት ሰልፍ አልነበረም። የፓስፖርት መሥሪያ ቤት ነገ ነይ ተብላለች፤ በዳቦ ቤት ሰልፍ ተገፍታለች፤ አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ በተቃራኒው አቅጣጫ ተወስዳለች። እኔ ስለ ኤሊዋ እጨነቅ ነበር። ቅቤው አልቆ ብትደርስስ ባዶ እጇን ምን ትላለች?

አባቴ የተሰናበተው በዚሁ መካከል ነው። የዚያን ዕለት ስሜ ከመግሪብ በፊት ተጠራ። ፀሐይ ገና ግድግዳው ላይ ናት፤ ሀያት እዚያው ተቀምጣለች፤ ኤሊዋ ከትልቁ የመኪና መንገድ ዳር ቆማ የሚያሻግራት ሰው እየጠበቀች ነው። «ያሲን! ቢንት ያሲን!» ሲባል ሁላችንም ተያየን።

«ሂጂ» አሉኝ እትዬ ዘይነባ፤ «ኤሊዋ ነገ ትሻገራለች።»

በሀያት ፊት ቀስ ብዬ፣ ቦርሳዬን አስተካክዬ ወጣሁ። ውጭ መኪና አልነበረም። አባቴ በእግሩ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ የመኪናው ቁልፍ ከከፊሉ ዘንድ ቀርቷል። ሥራ እንደሌለው የነገረኝ ታክሲ ስንጠብቅ ነው። በጊዜ የመጣው ሥራ ሲያጣ ነው ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ከዚያም በኋላ አልሄድኩም።

ከዚያ ትምህርት ቤት ምን እንደቀረኝ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። የተማርኩት አረብኛ አሁንም ለሥራዬ ይጠቅመኛል። የምጽፍበት አማርኛ ግን ከመማሪያ ክፍል የመጣ አይደለም፤ ከዚያ ብረት በር ሥር፣ ሰው ሁሉ ሄዶ ሳልጠራ ከቀረሁባቸው ሰዓታት የመጣ ነው። ይህን ሳስብ ለአባቴ መዘግየት አንድ ጥቅም አገኝለት ነበር፤ ያም ቢሆን ዘግይቷል፣ ሥራውንም ያጣው በመዘግየቱ ነው። እውነቱ ይኼ ነው ብዬ ዘግቼው ነበር።

ባለፈው የብርድ ወቅት ስለ ተመላሽ ወገኖቻችን ለመዘገብ ሪያድ ሄድኩ። ሥራዬን ስጨርስ ጉበይራ ወረድኩ። ትምህርት ቤቱ መንግሥት ወደ ሠራው ሕንፃ ከተዛወረ ቆይቷል። ቪላው ባዶውን ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም እንደሚፈርስ ተጽፎበታል። በሩ ላይ ግን በፕላስቲክ ወንበር የተቀመጠ ሰው ነበር። አም ሳልህ ናቸው፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል፤ ቤቱ እስኪፈርስ ባለቤቶቹ አስቀምጠዋቸዋል።

የያሲን ልጅ ነኝ አልኳቸው።

«ቢንት ያሲን?» አሉ ቀና ብለው። «ትምህርት የምትወጂው ልጅ?»

«የምን ትምህርት?»

«ከደወል በኋላ የነበራችሁ ነዋ፣ ከሐበሻዋ መምህርት ጋር። አባትሽ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ነበር የሚመጣው፣ ደወሉ ሳይደወል። ስሙን ልጠራ ማጉያውን ሳነሳ እጄን ይይዘኛል። ትምህርት ላይ ናት፣ ትጨርስ ይለኛል። እዚያ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ እሷ ዝም እስክትል ያዳምጥ ነበር። አንዳንዴ ብቻውን ይስቃል። እኔ ደግሞ የምትማሪው ቁርኣን መስሎኝ፣ ይህ ሰው በቁርኣን ምን ያስቀዋል እያልኩ እገረም ነበር።»

ከሌላ ሰው ጋር አምታተውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ተቆጡ።

«እኔ በር ጠባቂ ነኝ። መጀመሪያ የመጣውን ሰው ካላወቅኩ እዚህ ምን ልሠራ ተጎለትኩ?»

ማረፊያ ክፍሌ ገብቼ የሪያድን የሰላት ሰዓት ሰሌዳ አየሁ። ከብርዱ ወራት እስከ ሙቀቱ መግቢያ ድረስ መግሪብ፣ ከእሱም ጋር የተረቱ ማለቂያ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይዘገያል። አባቴ የሚነዳላት የከፊሉ ሚስት ግን መኪናው እንዲመለስላት የምትፈልገው ከመግሪብ በፊት ነበር። ሰሌዳው አባቴ የሚዘገይበትን ምክንያት አይናገርም፤ በዚያ ወር ለምን እንደባሰበት ግን ይናገራል።

ኮምቦልቻ ደወልኩለት።

«አባ፣ አም ሳልህን አገኘኋቸው።»

«አሉ እንዴ? አልሐምዱሊላህ።»

«ከሁሉም ቀድሞ ይመጣ ነበር አሉኝ።»

«እሳቸው ድሮም ወሬ ይወዳሉ።»

«ሥራህን ያጣኸው ለዚህ ነው?»

«መንገድ ነው የኔ እናት። የሪያድን መንገድ አሁን አንቺም አይተሽዋል።»

ከዚህ በላይ አልገፋሁትም። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን እሱ ራሱ ቀጠለ።

«እትዬ ዘይነባስ?»

«እዚያው ጉበይራ ናቸው አሉ። ነገ እሄዳለሁ።»

«እንግዲህ ካገኘሻቸው ጠይቂልኝ። ኤሊዋ ሠርጉ ላይ ደረሰች?»

ለቀልድ አልነበረም የጠየቀው። ድምፁን አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ ከአንድ ባቃላ፣ ከትንሽ የሸቀጥ ሱቅ፣ በላይ ባለች ክፍል፣ በሰው ቤት ከሚሠሩ የአገር ልጆች ጋር ይኖራሉ። ጉልበታቸው ስለደከመ ሥራ አቁመዋል፤ ሴቶቹ ተባብረው ይጦሯቸዋል። በሩ ላይ ቆሜ ስሜን ስናገር አላወቁኝም። የት እጠብቅ እንደነበር ስነግራቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«የመጨረሻዋ! አንቺ ነሽ? ወላሂ እንዲህ አደግሽ?»

ፍራሹ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ሻይ ቀዱልኝ። ስለ ሀያት ጠየቁኝ፤ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ቪላው ሊፈርስ ነው ስላቸው ያንን ማድ ቤት ስንት ጊዜ እንዳጠቡት አላህ ይወቀው አሉ። አም ሳልህ የነገሩኝን አልነገርኳቸውም። የአባቴን ጥያቄ ብቻ አደረስኩ።

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው።

«ያሲን ነው እንዲህ ያለሽ? እሱ ደግሞ ኤሊዋን የት ያውቃታል?» አሉ። «ኤሊዋማ በመጀመሪያው ቀን ትደርስ ነበር። እኛ አገር ያ ተረት ይህን ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ያልቃል። ቅቤው ይቀልጣል፤ ትደርሳለች፤ ሠርገኛው ጀርባዋን ይልሰዋል፤ ኸላስ፣ በቃ። ሹመይሲ የላኳት እኔ ነኝ፤ ሰልፉንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ሁሉ ተጠርተው አንቺ ብቻሽን ቀርተሽ ያንን በር በር ስታዪ አንጀቴ አልችል እያለኝ፣ አባትሽ እስኪመጣልሽ ብዬ ነበር የማስረዝመው።»